አንሶላ ኪስ የለውም

ያን ቀን ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም። ዱብ ዱብ ብሎ የሚያልፍ ዓይነት አልነበረም፤ ቀጭን፣ ነገረኛ፣ አንገት ውስጥ ሰርጎ የሚገባ ዝናብ ነው። እንዲህ ባለ ቀን ልብስ ማጠቢያ ቤት የምትሠራ ሴት የሰው ልብስ ስታደርቅ ትውላለች፤ ቤቷ ግን አንድ ደረቅ ካልሲ አይገኝም። እናት ከቤት ስትወጣ የልጇን ጃኬት በፌስታል ጠቅልላ ያዘች። ከትናንት ማታ ጀምሮ በሩ ጀርባ ተሰቅሎ ውሃ ሲያንጠባጥብ ነው ያደረው። ልጅቷ በአሮጌ ሹራብ፣ ፊቷን አጨፍግጋ፣ ወደ ትምህርት ቤት ሮጣለች።

ልጅቷን አክስቷ "ምስጥ" ነው የምትላት፤ ወረቀት ካገኘች አትምርም። በተለይ በእሷ ዕድሜ ስላሉ ልጆች የሚጻፉትን አዳዲስ ልቦለዶች ካየች አለቀላት። ከእናቷ ጋር የተኳረፈች ልጅ፣ ትምህርት ቤት ቀይራ ጓደኛ ያጣች ልጅ፣ የሚወዳትን ትታ የማይወዳትን የምትከተል ልጅ ያለችበት መጽሐፍ ከሆነ፣ ቤት ቢቃጠል አትሰማም። መጽሐፎቹን የምትዋሰው ከቤተ መጻሕፍት ነው። የክፍሏ ሴቶች በወረፋ ያነቧቸዋል፤ ቀድማ የጨረሰች መጨረሻውን መናገር ክልክል ነው። አንዷ አምልጧት ከተናገረች ሳምንት ሙሉ የሚያናግራት የለም።

እናትን ይሄ ነገር ያስፈራታል። እሷ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ መጽሐፍ ውስጥ ምን እንዳለ በሩቁ እንጂ በቅርብ አታውቅም። አንድ ቀን እራት ላይ ምስጥ እያነበበች ሾርባውን አገጯ ላይ ስትደፋው አየችና፣ "ኧረ ምን ላይ ደርሰሽ ነው?" አለቻት።

"ቤቷን ጥላ ልትጠፋ ነው!"

"ማ?"

"ልጅቷ ናታ፣ እማ! ሻንጣዋን አልጋ ሥር ደብቃለች። ማንም አያውቅም!"

ዓይኗ ያበራል። እናትን ያስደነገጣት መጥፋቱ ሳይሆን የዓይኗ ማብራት ነው።

"ፈተናሽ እስኪያልቅ ያን መጽሐፍ እዚህ ቤት እንዳላየው።"

"እማ፣ ቅዳሜ የመመለሻው ቀን ነው እኮ! የምትጠብቀው ልጅ አለች!"

"እንዳላየው አልኩ።"

ከዚያ ወዲህ አላየችውም። ልቧ ግን አላረፈም። ልጅቷ ከቤት በወጣች ቁጥር ጎንበስ ብላ አልጋ ሥር ታያለች። ያለቻቸው አንዲት ሻንጣ ናት፤ እዚያው አቧራዋን ለብሳ ተቀምጣለች። ቀና ትልና በራሷ ታፍራለች፤ በማግስቱ ግን ደግማ ታያለች።

ማጠቢያ ቤት የመጀመሪያው ሕግ ኪስ መፈተሽ ነው። ሳንቲም ማሽን ይጎዳል፣ እስክሪብቶ የሰው ሸሚዝ ያበላሻል። የእናት እጅ ከብዙ ዓመት ልምድ የተነሳ ኪስ ሲያገኝ ራሱ ይገባል። የሆቴል አንሶላ ግን ማንም አይፈትሽም፤ አንሶላ ኪስ የለውም። ሌላው ሕግ ደግሞ የግል ልብስ ማድረቂያ ውስጥ አይገባም የሚል ነው። አለቃቸውን ሲቆጣ ድምፁ ስለሚቀጥን "ፊሽካ" ይሉታል። ፊሽካ ወደ ቢሮው ዞር ሲል እናት ጃኬቱን ከፌስታሉ መንጭቃ አንሶላዎቹ መሃል ወሸቀችው፣ የማድረቂያውን በር ዘጋች፣ አስነሳችው። እጇ ለአንሶላ እንደለመደው ምንም ሳይፈትሽ ቀረ።

ማድረቂያው ቆሞ አንሶላውን ስትስብ ወረቀት ይረግፍ ጀመር። መጀመሪያ የጣሪያው ቀለም የተላጠ መሰላት። ከዚያ ፊደል አየችበት።

"አንቺ ሴትዮ፣ የማንን ሰነድ ነው የጠበስሽው?" አለች አንሶላ አጣፊዋ ባልደረባዋ። እሷን ደግሞ "ሬዲዮ" ይሏታል፤ አንዴ ከተከፈተች አትዘጋም።

እናት ጃኬቱን ገለበጠችው። ገበሩ ላይ በልጅ እጅ፣ በጥቁር ክር፣ ትልቅ ኪስ ተሰፍቶበታል። ውስጡ የመጽሐፉ ሽፋን ብቻ ተጠቅልሎ ቀርቷል፤ የጀርባው ሙጫ በሙቀቱ ቀልጦ ገጾቹ አንድ በአንድ ሾልከው ወጥተዋል። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ። እንዳላየው ብላ የከለከለችው እሷ፣ ሳታየው ያነደደችውም እሷ።

"የልጄ ነው። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰችው" አለች።

"የምስጥ? ወይኔ! ካርዷን ይቀሟታላ! የእህቴን ልጅ አንድ መጽሐፍ አርጥባ መልሳ ዓመቱን ሙሉ ነው ያገዷት።"

"አታሟርቺብኝ።"

"ምን አሟረትኩ፣ ያየሁትን ነው!"

እናትን ላብ አጠመቃት። ያለ ካርድ የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ ልጅ አያስገባም። ምስጥ ከትምህርት ቤት ወጥታ እናቷ ከሥራ እስክትመለስ የምትቀመጥበት ሌላ ጣሪያ የለም፤ ያለው መንገድ ነው፣ ሥራ ፈቶች የሚቆሙበት የአውቶቡስ ፌርማታ ነው።

ሁለቱ ሴቶች ተንበርክከው ገጾቹን ይለቅሙ ጀመር። ፊሽካ ብቅ ሲል ሬዲዮ ዘፍ ብላ ወረቀቶቹ ላይ ተቀመጠች።

"አንቺ፣ በሥራ ሰዓት ምን ያስቀምጥሻል?"

"ወገቤን ነው፣ ጋሼ። ወገብ ዝናብ አይወድም።"

በምሳ ሰዓት እናት ምሳዋን ትታ ገጾቹን በቁጥራቸው ደረደረች። ስትደረድር መስመሮቹ ዓይኗን ያዝ ያደርጉታል፤ አንድ ቦታ ላይ ጨርሳ ቀረች። መጽሐፉ ውስጥ የልጅቷ እናት ሻንጣውን አልጋ ሥር አገኘችው። አልጮኸችም፤ ከፈተችውና አንድ ወፍራም ሹራብ ጨመረችበት፣ መልሳም ዘጋችው። እናት ይህን ደጋግማ አነበበች። ከዚያ ምን እንደሆነ ለማየት ቸኩላ መጨረሻውን ብትፈልግ፣ የመጨረሻው ቅጠል የለም። ቀድሞ የታጠፈው አንሶላ ውስጥ ተጣብቆ በሆቴሉ መኪና ተጭኖ ሄዷል።

ማታ ቤት ስትገባ ልጅቷ ቀድማ፣ "እማ፣ ጃኬቴ ደረቀ?" አለቻት። ድምፁ ልስልስ ያለ፣ የፈራ ሰው ድምፅ ነው።

እናት በጨርቅ ያሰረችውን የወረቀት ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ምስጥ አየችው። ብትጮህባት ይሻል ነበር፤ አልጮኸችም።

"ሁሉም አለ?"

"አንድ ቅጠል ጎድሏል።"

"የቱ?"

"የመጨረሻው።"

ያኔ ነው እንባዋ የመጣው። "እንዳያልቅብኝ ብዬ አስቀምጬው ነበር እኮ!"

እናት እጇን የምታደርግበት ጠፋት። "ጥቂት አነበብኩት" አለች በመጨረሻ። "ያን ሹራብ።"

ልጅቷ ቀና አለች። "እናትየው ሻንጣው ውስጥ ስትጨምረው? አላለቀስሽም?"

"ሥራ ላይ ነበርኩ።"

ምስጥ አፍንጫዋን ጠራርጋ ጀመረች፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ እናትየው ለምን ዝም እንዳለች፣ ሳትተነፍስ አወራች። ኩርፊያዋን ረሳችው። እናት አቋረጠቻትና፣ "ታዲያ ትሄዳለች ወይስ ትቀራለች?" አለች።

"አላውቅማ፣ እማ! የጠፋው እሱ ነው!"

ቅዳሜ አብረው ሄዱ። የቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ጥቅሉን አየችው፤ ወረፋ ስትጠብቅ የነበረችው ልጅ ከኋላ ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች እናት።

"ይገባኛል፣ እናቴ። ካርዱ ግን በእሷ ስም ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይታገዳል።"

ምስጥ ወለሉን እያየች ካርዷን አስረከበች። እናት ፌርማታው በዓይኗ መጣባት። ዓይኗን በጨው አጥባ፣ "ለእኔስ ካርድ ይሰጠኛል?" አለች።

"ያነባሉ?"

"ቀስ ብዬ።"

ሴትዮዋ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። "በወላጅ ካርድ ልጅ ትገባለች። አንድ ነገር ከጎደለ ግን ተጠያቂዋ እርስዎ ነዎት።"

"መጠየቁን ለምጄዋለሁ" አለች እናት፤ መታወቂያዋን አወጣች።

የጠፋው ቅጠል ከሆቴሉ አልተመለሰም። መጽሐፉን ቀድማ የጨረሰችውን የልጇን ጓደኛ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝታ መጨረሻውን ጠይቃት ነበር፤ "መናገር ክልክል ነው፣ እትዬ" ብላት ሄደች።

ምስጥ ዛሬ ሌላ ከተማ ኮሌጅ ትማራለች፤ ሻንጣዋም አብራት ሄዳለች። ስልክ ያልደወለች ቀን እናት ሥራ አይጨበጥላትም። እዚያው ማጠቢያ ቤት፣ እዚያው ማድረቂያ ጋ ናት፤ አሁን አንሶላም ሳይቀር ትዳብሳለች፣ ሬዲዮም ትስቅባታለች። ካርዱ አሁንም በእናት ስም ነው፤ የምትዋስበትም እሷው ናት።