የአባቴን ሰንጢዎች ያሳልኩበት ቀን

ይህ የሆነው አምና፣ መስቀል ሊገባ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ ያ ቀን ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። የሰው ነፍስ እጄ ላይ ወድቃ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ሰው እኔን እንደ ነፍሰ ገዳይ አየኝ።

አባታችን ያረፈው ከዚያ በፊት በነበረው በጋ ነው። ኮልፌ ውስጥ ገመድና ጆንያ እየሸጠ ነው ያሳደገን። ከሞተ በኋላ ዕቃውን ስናይ ሦስት ሰንጢዎች አገኘን። አንዱ የሱቁ ነው፣ ገመድ የሚቆርጥበት። ሌላው ከኮቱ ኪስ የማይለየው ትንሹ ነው። ሦስተኛው የቀንድ እጀታ ያለው፣ በመስቀል ቁርጥ ሲበላ ብቻ የሚያወጣው ነው። በእኛ ቤት ከመስቀል የሚበልጥ በዓል የለም፤ አባቴም በዚያ ቀን በሰው ቢላ ሥጋ ቆርጦ አያውቅም።

እናቴ ሦስቱን ለሦስቱ ወንድሞቼ ልትሰጥ አሰበች። ለእኔ ጋቢው ደርሶኛል።

«እንዲህ ዝጎ ግን አይሰጥም» አለችኝ። «የአባታችሁ ነገር ነው። ወስደሽ አስሞርጂልኝ።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም። ሦስት ሰንጢ በቦርሳ ይዞ ታክሲ መሳፈር፣ ደግሞም በበዓል ሰሞን፣ ቢፈትሹኝ ምን እላለሁ ብዬ ፈራሁ። ወንድሞቼ እንዳይሄዱ ደግሞ ነገሩ ለእነሱ ድንገተኛ ስጦታ እንዲሆን ተፈልጓል። ስለዚህ ሰንጢዎቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ጦር ኃይሎች ሄድኩ።

እዚያ ከዕቃ መሸጫዎቹ ጀርባ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ ቢላ የሚስሉ ሰው አሉ። የአካባቢው ሥጋ ቤቶች ቢላቸውን የሚያሳሉት እሳቸው ጋ ነው። ስደርስ ከአንድ ሥጋ ቤት የመጣ ሰው ሙሉ ካርቶን ቢላ አስቀምጦ ወረፋ ይጠብቃል። እኔም አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

ተራዬ ሲደርስ ጋሽ ሸምሱ የገመዱን ሰንጢ አንስተው ሊከፍቱት ሞከሩ። እምቢ አላቸው። በጥፍራቸው ታገሉት፣ አሁንም እምቢ አለ።

«የማን ነው?» አሉኝ።

«የአባቴ። አርፏል።»

«ነፍስ ይማር። ማጠፊያው ደርቋል፤ መጀመሪያ ዘይት ይጠጣ» አሉና ሦስቱንም ዘይት አንጠባጥበው አስተኟቸው።

ቆየን። ከዚያ አንድ በአንድ በሚሽከረከረው ድንጋይ ላይ ያዟቸው። ብልጭታው ሲረግፍ አያለሁ። ቀጥለው በእጅ መሳያ ድንጋይ ላይ ውኃ እያረጠቡ ቀስ አድርገው መሳብ ጀመሩ፤ ሽው፣ ሽው፣ ሽው። እንግዳ ነገር ነው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ ዝም ብዬ የተቀመጥኩት ያኔ ነበር። አላለቀስኩም። ብቻ ደረቴ ላይ የነበረ አንድ ነገር ቀለል አለኝ።

ሲጨርሱ እያንዳንዱን በጋዜጣ ጠቀለሉና ሦስቱን አንድ ላይ በሲባጎ ጥብቅ አድርገው አሰሩልኝ።

«ቤት ሳትደርሺ እንዳትፈቺው፣ ልጄ» አሉኝ። «አሁን ይቆርጣሉ።»

ታክሲ ይዤ 18 ማዞሪያ ወረድኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ወደ ሰፈራችን በሚያስገባው መንገድ ጭቃውን እየዘለልኩ ስሄድ አንድ ባጃጅ አለፈኝ። ከኋላ አንዲት ወጣት ብቻዋን ተቀምጣለች። ረጅም ጥቁር ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማለች።

ብዙም ሳይርቅ ባጃጁ ድንገት ተንገጫግጮ ቆመ። ሹፌሩ ሲጮህ ሰማሁ። የልጅቷን ድምፅ ግን አልሰማሁም፤ ድምፅ አልነበራትም።

ሮጬ ስደርስ ግማሽ ሰውነቷ ከባጃጁ ወጥቶ ወደ ጎማው ተንጋሏል። የሻርፑ ጫፍ በንፋስ ወጥቶ የኋላው ጎማ ጠምጥሞታል። የቀረው አንገቷ ላይ እንደ ገመድ ከሯል። በሁለት እጇ ጉሮሮዋን ትቧጥጣለች። ዓይኗ ፈጥጧል።

ሰው ወዲያው ተሰበሰበ። አንዱ «ወደ ኋላ ግፉት!» ይላል። ሲገፉት ጨርቁ ጭራሽ ጠበቀባት። ሹፌሩ ገና ወጣት ነው፤ ጎማው ሥር ተንበርክኮ ጨርቁን በእጁ ይጎትታል፣ «የሰው ያለህ! የሰው ያለህ!» እያለ ያለቅሳል። አንዲት ሴት መቀስ ልታመጣ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ያኔ ነው ቦርሳዬ ትዝ ያለኝ።

እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ጥቅሉን አወጣሁት። ሲባጎው አልፈታ አለኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ቋጠሮውን ማግኘት አቃተኝ። በጥርሴ ነከስኩት፤ አልበጠስ አለ። በመጨረሻ ጋዜጣውን ከጎን ቀድጄ አንዱን መዘዝኩ። የገመዱ ሰንጢ ነበር። ጠዋት ጋሽ ሸምሱን ያታገለው ሰንጢ በአውራ ጣቴ ገና ስነካው ተከፈተ።

ተነስቼ ወደ ልጅቷ ሮጥኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ጮኸች።

«ኧረ ሰንጢ ይዛለች! ያዟት!»

ወደ ልጅቷ አንገት እጄን ስዘረጋ አንድ ሰው የእጄን አንጓ ይዞ ወደ ኋላ ጠመዘዘኝ። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ ሰው ነው።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለኝ።

«ጨርቁን! ጨርቁን ልቁረጥ! እየሞተች ነው፣ ልቀቀኝ!»

ድምፄ የራሴ አይመስልም ነበር። ሰውየው አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጅቷን አየ። ፊቷ ጠቁሯል፣ እጆቿም መቧጠጥ ትተው ወርደዋል። አንጓዬን ለቀቀና አልፎኝ ሄዶ ሁለት ጣቶቹን በግድ በጨርቁና በአንገቷ መካከል አስገባ። ጨርቁን ከቆዳዋ ትንሽ አራቀው።

«እዚህ ጋ!» አለኝ። «በጣቴ በኩል ቁረጪ። ቶሎ!»

ሰንጢውን ጣቱ ጋ አስጠግቼ ወደ ውጭ ሳብኩት። የሳብኩት አንዴ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሊበጥሰው ያልቻለ ጨርቅ ለሁለት ተለየ።

ልጅቷ እላያችን ላይ ወደቀች። ደረቷ አይንቀሳቀስም። ከዚያ ሳለች። የሰው ሳል እንዲህ ያስደስተኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ወደ አንድ ሱቅ ደጃፍ ወስደን አስቀመጥናት፣ ውኃ መጣላት። ትንፋሿ ሲመለስ በሻከረ ድምፅ የተናገረችው የመጀመሪያው ነገር አሁንም ያስቀኛል።

«ሻርፑ የእህቴ ነው። ትገለኛለች።»

«ዝም በይ አንቺ ልጅ፣ እኔ እገዛላታለሁ!» አልኳትና ሁለታችንም ማልቀስ ጀመርን።

ስሟ ራህመት ይባላል። በሌላ ባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ስንወስዳት እጄን አልለቀቀችም። ሐኪሙ አንገቷ እንዳልተሰበረ፣ ድምፅዋ ግን እስኪመለስ ትንሽ እንደሚቆይ ነገረን። እናቷ ነጠላ ጫማ አድርጋ በሩጫ ደረሰች። ልጇን ዳብሳ ዳብሳ ካየች በኋላ ወደ እኔ ዞራ አቀፈችኝ።

ቤት ገብቼ ሰንጢውን ላጥብ ስከፍተው ስለቱ ላይ ደም አየሁ። ደነገጥኩ፤ ልጅቷን የቆረጥኳት መሰለኝ። ግን ጤና ጣቢያ አንገቷን በደንብ አይተውታል፤ ከሰንበሩ በስተቀር ጭረት እንኳ አልነበራትም። የራሴን እጅ ገለባበጥኩ፣ ደህና ነው። ያኔ ገባኝ። ደሙ የሰውየው ነው።

እኛ ልጅቷን ስናነሳ ሄዷል ማለት ነው። ዞሬ ላመሰግነው ስፈልገው አልነበረም። ጣቱን መቁረጤን አልነገረኝም፣ «እህ» እንኳ አላለም።

በመስቀል ወንድሞቼ ሰንጢዎቻቸውን ተረከቡ። እናቴ አንድ በአንድ ስትሰጣቸው ታላቅ ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የሆነውን ስነግራቸው ማንም ሥጋ መብላቱን አልቀጠለም፤ ታሪኩን ሁለቴ አስደገሙኝ። ከራህመት ቤተሰብ ጋርም ተዛምደናል። ለአረፋ ጠርተውኝ እህትየዋን አገኘኋት። ስለ ሻርፑ አንሥታ አልተቆጣችም።

ሰውየውን ግን እስካሁን አላገኘሁትም። አንጓዬ ላይ የጣቶቹ ምልክት በልዞ ሰንብቶ ነበር፤ ባየሁት ቁጥር ትንሽ እናደድ ነበር። ለምን መጀመሪያ አይጠይቀኝም? ለምን እንደ ወንጀለኛ ያየኛል? እል ነበር። እያደር ንዴቱ ለቀቀኝ። ሰውየው ለማያውቃት ልጅ ብሎ ሰንጢ የመዘዘ ሰው ላይ በባዶ እጁ ነው የዘለለው። ወዲያውም እጇ ለሚንቀጠቀጥ፣ ስሟን እንኳ ለማያውቃት ሴት ጣቱን ስለት ሥር አድርጎ «ቁረጪ» አለ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን አደርገው ነበር? አላውቅም።

18 ማዞሪያ ባለፍኩ ቁጥር የወንዶችን እጅ አያለሁ። አንዳንዱ ሰው ምን ሆና ነው ብሎ ያፈጥብኛል፤ አፍሬ አልፋለሁ። ምናልባት ይህን ያነበው ይሆናል። ወንድሜ፣ ጣትህን ስለቆረጥኩህ ይቅርታ አድርግልኝ። ልጅቷ ደህና ናት። ድምፅዋም ተመልሷል።