ጫጩት የተጠበቀባቸው ሁለት ወፎች

ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ሳሪስ

በዚህ ብርድ ከቤቴ የወጣሁት አንድ ዘበኛ ሊያርመኝ ስለደፈረ ነው። ባለፈው ዓመት በዚሁ ዓምድ፣ ኮዬ ፈጬ አብረው ፍሬ የሚለቅሙት ሰማያዊና ቀይ ትንንሽ ወፎች ባልና ሚስት ናቸው ብዬ ጽፌ ነበር። ሰማያዊው ባል፣ ቀይዋ ሚስት። አባባ ገመቹ የሚባሉ የኮንዶሚኒየም ጠባቂ ደወሉልኝ።

"ባልና ሚስት አይደሉም። አንድ ሰውዬ አንተን አምኖ ሁለቱን ሽቦ ቤት ውስጥ ቆልፎባቸዋል። ጫጩት ይጠብቃል። ጸሐፊው ራሱ መጥቶ ካልነገረኝ አልለቅም ብሏል።"

እኔ ግን የምሄደው እሳቸውን ላስተምር ነው።

1፡15፣ ቃሊቲ

የሚኒባሱ ረዳት "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል። የት እንደምንጠጋ እሱም አያውቅም። ወደ ቂሊንጦ ፋብሪካ የምትሄድ ልጅ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። ሹፌሩ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

"ወፍ ለማየት ነው ይሄ ሁሉ መንገድ?"

መሃይም፣ አልኩ በልቤ።

2፡30፣ ኮዬ ፈጬ

ከቱሉ ዲምቱ በባጃጅ ሠላሳ ብር ከፍዬ፣ አቧራውን በነጻ ጠጥቼ ደረስኩ። ሕንጻው ሁሉ አንድ መልክ ነው፤ ነዋሪው ቤቱን እንዴት እንደሚለይ እንጃ። አባባ ገመቹ በር ላይ ተቀምጠዋል። ብሎኩ የቆመው ድሮ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው ማሳቸው ላይ ነው።

"አባባ፣ እኔ መጽሐፍ አገላብጬ ነው የጻፍኩት።"

"እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ከአውድማዬ ሳባርራቸው ነው ያየኋቸው።"

ሁለተኛ ፎቅ ወጣን። ወፎቹን የቆለፉባቸው ጡረተኛው አቶ ሰለሞን ጽሑፌን ቆርጠው በረንዳው ላይ ባለው ሽቦ ቤት ለጥፈዋል። ለጎጆ የሚሆን ጥጥም አስገብተዋል።

"ይኸው፣ እርስዎ እንደጻፉት። በየማለዳው እንቁላል ጥለው እንደሆነ አያለሁ" አሉኝ።

አባባ ገመቹ በጣታቸው አሳዩኝ። "የሰማያዊው ጉንጭ ቀልቷል አይደል? ወንዱ ነው። ሚስቱም ሰማያዊ ናት፣ ጉንጯ ግን አይቀላም። ያኛው ቀይ ሌላ ዘር ነው። የቀዩ ሚስት ቡናማ ናት፤ ያቻትልህ ግቢው ውስጥ።"

ቁልቁል አየሁ። አንድ ቀይና አንዲት ቡናማ ጎን ለጎን ይለቅማሉ።

"እና እነዚህ?"

"ሁለቱም ወንዶች።"

አቶ ሰለሞን አንዴ ጽሑፉን፣ አንዴ እኔን አዩ። "ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገር?"

"ተሳስቼ ነው" አልኳቸው። አፍሬ ነበር።

የሽቦ ቤቱን በር ከፈቱት። ቀዩ ወደ ግቢው፣ ሰማያዊው ወደ አንድ ግራር ዛፍ በረሩ። አቶ ሰለሞን ጽሑፌን ልጠው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ከቀኑ 6 ሰዓት፣ መልስ

ያንኑ ሚኒባስ አገኘሁ። "ወፎቹን አገኟቸው?" አለኝ ሹፌሩ።

"አገኘኋቸው" አልኩት። ጠዋት በልቤ የሰደብኩበትን መሃይም የሚል ቃል ከእሱ ላይ አንስቼ፣ ከጽሑፌ ጋር ወደ ቤቴ ይዤው ገባሁ።