ክር የታሰረባቸው ቲማቲሞች

እስከ ዛሬ ከትምህርት ቤት ደብተር ውጭ ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴንም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ይህን የምጽፈው ዝም በማለቴ የእናቴ ቲማቲም ዘሩ ሊጠፋ ስለነበር ነው።

ሰቆጣ ባለው ቤታችን ጓሮ ሁለት ዓይነት ቲማቲም ነበረን። አንዱ ረጅሙ፣ ቆዳው ወፍራም፣ ዘሩ ከሱቅ የሚገዛው ነው። ሌላውን እናቴ ከተወለደችበት ከአበርገሌ ቆላ በጨርቅ ቋጥራ ነው ያመጣችው። ትንሽ ነው፣ እንደ ዱባ የተሸነሸነ፣ ቆምጣጣ። የእሱን ዘር የሚሸጥ ሱቅ የለም።

የቦኖ ውሃ በየቀኑ ስለማይመጣ የእጅ እጣቢውን አጠራቅመን ሥር ሥሩን እናጠጣ ነበር። እናቴ "ቅጠሉን አታርጥቢው፣ ይታመማል" ትለኛለች። ለረጅሙ ብዙም አትጨነቅም። የቆላውን ግን በእንጨት ደግፋ በቁራጭ ጨርቅ ታስረዋለች፤ በብብቱ የሚወጣውን ቀንበጥ ትቀነጥባለች። ከፍሬውም ደህና ደህናውን መርጣ አንገቱ ላይ ጥቁር ክር ታስርበታለች፣ እንደ ማተብ። ክር ያለበት አይበላም። እዚያው ተክሉ ላይ እስኪልፈሰፈስ ይቆይና ዘሩ ይወጣል።

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም እናቴ አረፈች። ክር የታሰረባቸው አራት ነበሩ። ተክሉ አርጅቶ ሌላ ፍሬ አልነበረውም፤ የቀድሞውንም ዘር ዘርተን ጨርሰነው ነበር።

በሰልስቱ ቀን ጎረቤቶች ለለቀስተኛው ምግብ ሲሠሩ እኔ በሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። እናቴን ሲያስታምሙ የከረሙት ትልቋ ጎረቤታችን ሳህን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ከተቀመጥኩበት ይታዩኛል። ረጅሙን ለቀሙ። ከዚያ ወደ ቆላው ዞሩ።

"ይኼስ ሊበሰብስ ነው፣ ለፍትፍቱ ይሁን" አሏት አብራቸው ለነበረችው ሴት።

"ልፍስፍስ ብሏል እኮ፣ ውሃ ብቻ ነው።"

"ውሃውን ከነዘሩ ጨምቀሽ ድፊዋ።"

አፌን ከፈትኩ። እናቷን በቀበረች በሦስተኛው ቀን ስለ ቲማቲም የምታወራ ልጅ ምን ትባላለች? ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብኩ። አራቱም ተቀጠፉ። ፍትፍቱ ሲቀርብ "ብዪ እንጂ፣ በባዶ ሆድ አይለቀስም" አሉኝ። ጎረስኩ። ቆምጣጣው ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ጓሮ መውጣት ተውኩ። ረጅሙም ውሃ አጥቶ ደረቀ።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ እጣቢ የሚደፋበት ቦታ፣ ቡቃያ አየሁ። ቅጠሉን አሽቼ አሸተትኩት፤ ቲማቲም ነው። ግን የትኛው? ያን ቀን ሁለቱም አንድ ላይ ነበር የተከተፉት። ሁሉንም ነቅዬ ደህና አፈር ላይ ተከልኳቸው። ክረምቱ ቅጠላቸውን እንዳያጠቁረው ላስቲክ ዘረጋሁላቸው፣ ሥራቸው ላይ አመድ ነሰነስኩ። ፍሬ ሲይዙ እያንዳንዱን ጎንበስ ብዬ አየሁ። ረጅም። ይኼም ረጅም። ጥጉ ላይ ያለችው አንዷ ብቻ የተሸነሸነ አረንጓዴ ፍሬ ያዘች። ከእናቴ የመርፌ ቆርቆሮ ጥቁር ክር አውጥቼ አሰርኩበት።

በመስከረም ጎረቤታችን ሊጠይቁኝ መጡ። ጓሮውን ሲያዩ ክሩ ላይ ዓይናቸው አረፈ።

"አንቺ ልጅ፣ ቲማቲምም ክርስትና ይነሳ ጀመር?"

ሳቄ መጣ። መሬት መሬቱን እያየሁ፣ "እማማ፣ ያን ቀን የቀጠፏቸውም ክር ነበራቸው። ለዘር የተተዉ ነበሩ" አልኳቸው።

ወደ ክሩ ጠጋ አሉ።

"ከድጋፉ ጋር የታሰረ ክር ነበር የመሰለኝ። ስቀጥፍ አይተሽኛል?"

"አዎ።"

"ምነው ታዲያ?"

ነጠላዬን እንደገና አፌ ላይ ሳብኩ። ጎንበስ አሉና የላላውን ቋጠሮ ቀስ ብለው አጠበቁት። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ እንዲህ አሉኝ፦

"ሌላ ጊዜ አፍሽ እንቢ ካለሽ፣ ልጄ፣ እጄን ያዢኝ።"