ቀኝ እግሬ የሠራችው ሸማ

እኛ ቤት ሴት ትፈትላለች እንጂ ሸማ አትሠራም። ሽሮ ሜዳ ከሸማኔ ቤት ተወልጄ፣ እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ አባዬ ሸማ የሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ የገባሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ድመት ስፈልግ።

ከዚያ ጉልበቴ ላይ የአጥንት ካንሰር ወጣ። ኬሞው ፀጉሬን ወሰደ፤ ሐኪሞቹ የታመመውን አጥንት ቆርጠው በምትኩ ብረት ገጠሙልኝ። ካንሰሩ ሄደ ሲባል እልል አልን። ጉልበቴ ግን አልታጠፍም ብሎ እምቢ! ታክሲ ስሳፈር እግሬን እንደ ጣውላ ዘርግቼ ጋቢና ካልሆነ አልገባም። የሠፈሩ ረዳቶች ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "ለእመቤቲቱ ጋቢና!" እያሉ ሰው ያስወርዱልኝ ነበር።

ፊዚዮቴራፒ የምታሠራኝ ልጅ ግን አልሳቀችም። "በሁለት ወር ዘጠና ዲግሪ ካልታጠፈ ኦፕራሲዮን ክፍል መመለስሽ ነው። ቤት ፔዳሉ የሚረገጥ ቢስክሌት አላችሁ?"

አባዬ ቀደመኝ። "ቢስክሌት የለንም። ሸማ መሥሪያ ግን አለን፤ እሱም ይረገጣል።" ጫማውን አውልቆ ወንበር ላይ እንዳለ እንዴት እንደሚረገጥ አሳያት።

"ቀስ እያለች ከሆነ ይሁን፣ አባባ" አለች፣ ያኔ ሳቀች።

እንዲህ ነው ሸማኔ የሆንኩት። ጎረቤት ሸማኔዎች በአጥር እያዩ "እንግዲህ አንተ መፍተል ጀምር!" እያሉ አባዬ ላይ ያሾፉ ነበር።

መርገጫው ሁለት ነው፤ ለግራ አንድ፣ ለቀኝ አንድ። እስከ ታች ካልወረደ ድሩ በደንብ አይከፈትም፤ መወርወሪያው ክር ይዘላል። ቀኜ ደካማ ናትና አንዱ መስመር ደህና፣ ቀጣዩ ወንፊት።

በሁለተኛው ሳምንት ሕመሙ ሲያንገሸግሸኝ መላ መታሁ፤ ቀኜን ዘርግቼ ሁለቱንም በግራዬ መርገጥ። ሸማው ጥርት አለልኝ! አባዬ መጥቶ ጣቱን አስኬደበት። ይመርቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣

"ቀኝ እግርሽ ዛሬ የት ሄዳ ዋለች?"

"እዚሁ ናት፣ አባዬ።"

"አንቺ! ትናንት ወንፊት የሠራች ልጅ ዛሬ እንዲህ አታጠራም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይሄን ግን አነባለሁ። ፍቺው።"

የቀኑን ሥራ ክር በክር ፈታሁት። አለቀስኩ፤ ተሳደብኩም፣ በሆዴ። ከዚያ ወዲያ በሁለቱም ረገጥኩ። ሸማው ተመልሶ አስቀያሚ ሆነ፤ ወደ መጨረሻው ግን ቀዳዳው እየቀነሰ መጣ።

የቀጠሮው ቀን አባዬ ሸማውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ አብሮኝ ሄደ። ልጅቷ መለኪያዋን ጉልበቴ ላይ አስተካክላ ለካች፤ ደገመች።

"ዘጠና አራት። ኦፕራሲዮን የለም።"

አባዬ ሸማውን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋና ከወንፊቱ ጫፍ እስከ ደህናው ጫፍ በጣቱ እየመራ አስነበባት።

ዛሬም መሮጥ የለም፤ የእንጦጦን ዳገት ሦስቴ አርፌ ነው የምወጣው። የዚያን ቀን ግን ስንመለስ ረዳቱ እንደ ልማዱ ጋቢናውን ሲከፍት አልፌው መጨረሻ ወንበር ገባሁ፤ ጉልበቴን አጥፌ፣ በሁለት ወፋፍራም ሴቶች መሃል ተጣብቄ። እንደዚያ የተመቸኝ ወንበር የለም።

"እመቤቲቱስ?" አለ ረዳቱ ግራ ገብቶት።

አባዬ ሸማውን ታቅፎ ጋቢና ወጣ። "ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ" አለው።