ሁለቴ የቋጠርኩት ፌስታል

እኔ ፈሪ ነኝ። ሰቆጣ ገበያ ዳር ያለችውን የልብስ ስፌት ቤቴን ስዘጋ ቁልፉን ሁለቴ አዞራለሁ፤ ትንሽ ሄድ ብዬ ደግሞ እመለስና በሩን ገፋ አድርጌ አየዋለሁ። ጎረቤቶቼ "አንቺማ ጥላሽንም ትቆልፊበታለሽ" እያሉ ይስቁብኛል። ፌስታል ስቋጥርም ያው ነኝ። አንድ ቋጠሮ አላምንም። ጆሮዎቹን መልሼ አዞርና ጣቴን እስኪያመኝ ድረስ ደግሜ አጠብቃለሁ። ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከዚያ ቋጠሮ ነው።

ወላጆቼ ያሉት ከሰቆጣ ወዲያ ባለው ዝቋላ ወረዳ ነው፤ መኪናው ጽጽቃ ላይ ካወረደኝ በኋላ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ይቀረኛል። አባቴ የደብሩ ቄስ ናቸው። ከነበሯቸው ከብቶች ድርቁ የተወላቸው አንዲት ቦራ ላምና ልጇን ጊደሯን ብቻ ነበር። ላሟ እርጉዝ ነበረች፤ እናቴ የመጪውን ዓመት ኑሮ በሙሉ የምታስበው በዚያች ላም ሆድ ውስጥ ነበር። ሰቆጣ ያሉ ወዳጆቼ "ላም አለኝ በሰማይ" ብለው ቢቀልዱብኝም እኔም በእሷ እመካ ነበር።

ስሄድ ሁልጊዜ የምወስደው ጨው ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ ጨው ከገበያ የሚያመጡት በስልቻ ነበር። ጨዉ ሲያልቅ እናቴ የፍየል ቆዳውን ገልብጣ በረቱ በር ላይ ካለው ቋሚ እንጨት ትሰቅለዋለች፤ ከብቶቹ ሲወጡና ሲገቡ ይልሱታል። በእናቴ ቤት የጨው ዕቃ በከብት ሳይላስ አይታጠብም። አገሩም እንዲሁ ነው።

እኔ ደግሞ ጨዉን በፌስታል ማምጣት ጀመርኩ። መቼም ቀላል ነው፤ ባለሱቁ መዝኖ ይሰጠኛል፣ እኔም በልማዴ ሁለቴ እቋጥረዋለሁ። እናቴ ቋጠሮዬን መፍታት ስለማይሆንላት ጎኑን በቢላዋ ትቀደውና ጨዉን ትገለብጣለች። ከቋጠሮው ሥር ግን እፍኝ የማይሞላ ጨው ተወትፎ ይቀራል። እሷም ያንን ላለማባከን ፌስታሉን እንደ ስልቻው በረቱ በር ላይ ትሰቅለው ነበር።

ይህን ያየሁት በክረምቱ መግቢያ ነው። ሰማያዊ፣ ጥቁርና ነጭ ፌስታሎች ቋሚው ላይ በነፋስ ይርገበገባሉ። ልቤ ድንግጥ አለ። ከስፌት ቤቴ ጀርባ ፍየሎች የተጣለ ፌስታል እንደ ቅጠል ሲያኝኩ በየቀኑ ስለማይ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አውቄው ነበር። እናቴ ግን ደስ ብሏት "ይኸው፣ ያመጣሽውን ላሟም ትቀምስልሻለች" አለችኝ። ፊቷን አይቼ አፌን ያዝኩ። በሚቀጥለው ስመጣ እነግራታለሁ አልኩ። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ እኔ እንዲያ ሆንኩ። በሚቀጥለውም ስመጣ አልነገርኳትም፤ ጭራሽ ሌላ ጨው በሌላ ፌስታል ይዤ ሄድኩ።

በሁዳዴ ጾም አንድ ቀን አባቴ ስልክ የሚይዝበት ኮረብታ ላይ ወጥተው ደወሉልኝ። ላሟ መብላት ትታለች፣ ሆዷ ተነፍቷል፣ አታመሰኳም አሉኝ። የተሰቀሉት ፌስታሎች ቦታቸው አሉ ወይ ብዬ ልጠይቅ ፈለግሁ። ሐኪም ይጠራላት ብቻ አልኳቸው። በማግስቱ በጠዋት መኪና ተሳፈርኩ። በመንገዱ ሁሉ ቁልቋል ላይና አጥር ላይ የተሰካ ፌስታል ባየሁ ቁጥር ቋጠሮ ይኖረው እንደሁ አንገቴን አስግጌ አይ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለውን በልቤ እየደጋገምኩ አቀበቱን ወጣሁት።

ስደርስ ላሟ በረቱ አጠገብ ተኝታለች። ግራ ጎኗ ተወጥሯል፤ ስትተነፍስ ታቃስታለች። እናቴና አባቴ በኽምጥኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ይነጋገራሉ፤ ጭንቅ ሲሆንባቸው አማርኛው ይጠፋቸዋል። ጎረቤቶቹ ወረርሽኝ ነው ብለው ከብቶቻቸውን ወደ ሌላ ውኃ ወስደዋል። ከጽጽቃ የመጣው የእንስሳት ሐኪም ጎኗን በቡጢ ተጭኖ ብዙ ቆየና ተላላፊ በሽታ እንደማይመስለው ነገረን። ምን ስትበላ እንደከረመች ጠየቀ። እናቴ ከገለባ ሌላ ምን አለና አለች። እኔ ወደ በረቱ በር ተመለከትኩ። ቋሚው ባዶ ነበር። እናቴ ፌስታሎቹን ነፋስ የወሰዳቸው መስሏት ነበር።

ላሟ በነጋታው ረፋድ ላይ ሞተች፤ ሆዷ ውስጥ ያለውም አብሯት ሞተ። በክት ስለሆነች፣ ጾምም ስለሆነ የሥጋው ነገር አልተነሣም። ሐኪሙ ግን ጎረቤቶቹ እንዲረጋጉ ሆዷ ይከፈት አለ። ከጨጓራዋ ያወጣው ነገር እንደተጨመቀ ልብስ የተጠማዘዘ ትልቅ ጥቅል ነበር። ድንጋይ ላይ አኖረውና በእንጨት እየፈለቀቀ ዘረጋው። የፌስታሎቹ ቀለም እንኳ ብዙ አልደበዘዘም። ሰማያዊው ጫፍ ላይ ቋጠሮ አለ። ሁለቴ የታሰረ ነው። ጨዉ ሟሙቶ አልቋል፣ ቋጠሮው ግን ሰቆጣ ላይ እንዳጠበቅሁት ነበር። ሌላም ወጣ፤ ያም የእኔ ነው።

"አባ፣ ይህ የእኔ ቋጠሮ ነው" አልኩ። "ክረምት ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ። እንደሚበሉትም አውቅ ነበር። ፈርቼ ዝም አልኩ።"

አባቴ መስቀላቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቋጠሮውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ፈሪ ሰው ቀድሞ የሚናገር ይመስለኝ ነበር፣ ልጄ" አሉ።

እናቴ የሰቀልኩት እኔ ነኝ እያለች አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እሷና እኔ በመንደሩ ቤት ለቤት ዞርን። የፈራሁት እዚያም ነበር፤ ከአንድ በረት በቀር በሁሉም በር ላይ የጨው ፌስታል ተሰቅሏል። ሁሉም ሰው እንደ አያቶቹ ዕቃውን ለከብቱ ማስላሱ ነው፤ ዕቃው መለወጡን ያሰበ የለም። እያወረድን ሰበሰብናቸው። አባቴ ከመንደሩ ወጣ ብለው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯቸው። አፈሩን ሲመልሱ ጎርፍ አንድ ቀን ያወጣቸዋል ብዬ ፈራሁ፤ አሁንም እፈራለሁ።

አሁን ጨው የምገዛው አባቴ በሰጡኝ ስልቻ ነው። ባለሱቁ "ምነው፣ ወደ ቅድመ አያቶችሽ ተመለስሽ?" ብሎ ይስቃል፤ ይሳቅ። ከአቡጀዴ ቁርጥራጭ ከረጢት እየሰፋሁ እኔ ጋ ልብስ ለሚያሰፉ ሰዎች ልብሳቸውን በዚያው እሰጣቸዋለሁ፤ ገበያም ይዘውት ይወጣሉ። በቤቴ ደጅ ነፋስ ያመጣውን ፌስታል ስለቅም ሰው አበደች ቢለኝ ግድ የለኝም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእኔ አርፍዶ ቢደርስም ለሌላው ይደርስ ይሆናል።

ጊደሯ ግን አለች። ያን ሁሉ ጊዜ ከእናቷ ጋር በዚያው በር ስትወጣና ስትገባ ነበር። ከመንደር ልመለስ ስል ቀርባ እጄን ላሰችኝ፤ ምላሷ ሸካራና ሞቃት ነው። ሐኪሙን እሷም ሆድ ውስጥ ፌስታል ይኖር ይሆን ብዬ ጠይቄው ነበር። ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም አለኝ።

አባቴ ኮረብታው ላይ ወጥተው ሲደውሉ ገና ሰላምታው ሳያልቅ እጠይቃቸዋለሁ።

"አባ፣ ጊደሯ ታመሰኳለች?"

እሳቸውም "ዛሬ አመሰኳች" ይሉኛል።