ብቻውን የሚሄደው ቀስት

«ፈጣኑ» የሚለውን ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ለቀልድ። ቤት ለቤት እየዞረ ኮምፒውተር ሲጠግን በሰዓቱ ደርሶ አያውቅማ። አንዱ ጋ ፕሪንተር ሲያስነሳ ሌላው ጋ ይረፍድበታል። የዚያን ቀንም አርፍዶ ነበር። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ኮምፒውተራቸው ተንቀራፍፎባቸው፣ ሌላ ከተማ የሚኖረው ልጃቸው «እናቴ ብቻዋን ናት፣ ዛሬውኑ እይልኝ» ብሎ ደውሎለታል።

ልጃቸው እንደሚመጣ ነግሯቸው ኖሮ በሩን ገርበብ ብሎ አገኘው። አስተማሪዋ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ በእጃቸው «ዝም በል» አሉት።

«ከባንኩ ናቸው» አሉ በሹክሹክታ። «ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌባ ገብቷል ብለው እያጸዱልኝ ነው።»

ፈጣኑ ወደ ጠረጴዛው ተመለከተ። ማውሱን የነካ ሰው የለም። ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት ግን ብቻውን ይሄዳል፤ አንዱን ይከፍታል፣ ሌላውን ይዘጋል። የባንክ ሂሳባቸው ገጽ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ክው አለ።

«እማማ፣ ይዝጉት! ሌባው እሱ ራሱ ነው።»

«ተው እንጂ! ስሜን እስከ አያቴ ጠራልኝ እኮ።»

ከስልኩ ለስላሳ ድምፅ መጣ፤ «እናቴ፣ አጠገብዎ ሰው አለ እንዴ? ማንም እንዳይነካው። አሁን በመልእክት የገባልዎትን ቁጥር ብቻ ያንብቡልኝ።»

አስተማሪዋ መነጽራቸውን ፍለጋ ጀመሩ። ፈጣኑ ሌላ ዘዴ አልመጣለትም፤ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ሶኬቱን ነቀለው። ስክሪኑ ድርግም አለ።

«ኧረ የሰው ያለህ!» ብለው ጮኹ።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ እየሮጠ ገባና የፈጣኑን ኮሌታ ጨምድዶ ከጠረጴዛው ሥር ጎትቶ አወጣው። ፈጣኑ ምን እንደሚመስል ገብቶታል፤ ቦርሳ ያነገተ የማያውቁት ሰው፣ ብቻቸውን በሚኖሩ ሴት ቤት፣ ጠረጴዛ ሥር።

«ፖሊስ ልጥራ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ጥራ» አለ ፈጣኑ። «እማማ፣ እስከዚያው ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማው ያድርጉት። ቁጥሩን አላነብም ይበሉት። ሌላ ምንም አልልዎትም።»

አመነቱ። ከዚያ ስፒከሩን ከፈቱት። «ቆይ፣ መጀመሪያ ልጄን ላማክረው።»

«እናቴ፣ ጊዜ የለንም፤ ገንዘብዎ እየወጣ ነው።»

«ቢሆንም ላማክረው።»

ቀጥሎ ያው ድምፅ፣ ልስላሴው ተገፎ፤ «አንቺ አሮጊት፣ ቁጥሩን አንብቢ ነው የምልሽ!»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረው እንዲህ የደፈራቸው አልነበረም። ስልኩን ቀስ ብለው ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«አንቺ አልከኝ?» አሉና ዘጉት። ልብስ ሰፊው የፈጣኑን ኮሌታ ለቀቀ።

ከባንክ ካርዳቸው ጀርባ ባለው ቁጥር ወደ ባንኩ ደወሉ። የማስጠበቂያው ሙዚቃ አላልቅ አለ። በመጨረሻ አንዲት ሴት ዝውውሩ ተጀምሮ እንዳልተፈጸመ፣ ሂሳቡም እንደታገደ ነገረቻቸው። ልብስ ሰፊው እፎይ አለ። አስተማሪዋ ግን ቀሚሳቸውን ይጨመድዳሉ።

«እሱም ከባንኩ ነኝ ነበር ያለኝ» አሉ።

ፈጣኑ ኮምፒውተሩን አብርቶ ሊያጸዳ ሲነሳ እጁን ያዙት።

«አታብራው። ሲበራ እዚያው ቢሆንስ?»

«የኢንተርኔቱን ገመድም ነቅያለሁ እማማ፤ መግቢያ የለውም።»

«እህቴ ዛሬ ልትጠይቀኝ ትመጣለች፤ እስክትመጣ ብቻ ሳታበራው አብረኸኝ ቆይ።»

ቀጣዩ ደንበኛ ደወለ፤ ፈጣኑ «ዛሬ አልመጣም» አለውና ተቀመጠ። ሦስቱም ጥቁሩን ስክሪን ያያሉ።

የአስተማሪዋ ስልክ ሲጮኽ ሦስቱም ዘለሉ። ልብስ ሰፊው አንገቱን አስግጎ አነበበና «እህትዎ ናቸው» አለ። ብዙ ከጮኸ በኋላ አነሱት።

«መጀመሪያ እናታችን ምን ብላ ትጠራሽ እንደነበር ንገሪኝ።»

«ምን ነካሽ? በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ክፈቺልኝ!»

አስተማሪዋ ስልኩን በመዳፋቸው አፍነው ወደ ፈጣኑ ዞሩ።

«ልጄ፣ እስቲ በመስኮት እያት። አጭር ናት፤ መነጽር አላት።»