የአንዷ ማስነጠስ

አክስቴ ዶሮ አርቢ ናት፤ ግትርነቷን ለጠላቴም አልመኝም። ከቤቷ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ ቤት አንዲት ዶሮ ካስነጠሰች፣ የሁሉም ውሃ ውስጥ የመድኃኒት ዱቄት ትበጠብጣለች። ነቃ ነቃ ካሉ ደግሞ ወዲያው ታቆማለች። የእንስሳት ሐኪም ጥሪ ስላት፣ «እሱ ሳይወለድ ነው ዶሮ ያረባሁት!» ብላ አፌን ታስይዘኛለች።

ባለፈው አንድ አውራ ዶሮ እጇን ቧጠጣት። ጭረቱ አበጠ፣ መግል ቋጠረ። የታዘዘላትን ክኒን ብትውጥም ቅላቱ ወደ ክንዷ ወጣ። እያንቀጠቀጣት ሆስፒታል አስተኛኋት።

ሐኪሟ የምርመራውን ውጤት ይዛ መጣች። «እማማ፣ ቁስልሽ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የሰጠንሽን መድኃኒት ተላምዶታል። አልሞት ብሏል።»

አክስቴ በደህና እጇ ቦርሳዋን በርብራ የዱቄቱን ፓኬት አወጣች። «እንግዲያው የዶሮዎቼን ስጪኝ። ይሄ ፍቱን ነው!»

ሐኪሟ ስሙን አነበበች። «ይህንንም ተላምዶታል።»

«ደግሞ ይሄን የት አግኝቶት?» ብላ ጮኸች። ዓይኗ ከፓኬቱ አውራ ዶሮው ወደ ቧጠጠው እጇ ሄደ።

ስልኬ ጠራ፤ ባሏ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጌ አስጠጋሁላት።

«አንዷ አስነጠሰች» አለ።

«እንዳትሰጣቸው!»

«አይዞሽ፣ ዱቄቱን ባጣው ከጎረቤት ለምኜ ሁሉንም አጠጣኋቸው። እሱም ሲሰማ ደንግጦ ለራሱ ዶሮዎች በጠበጠ።»